የሥነ ምግብ ሕክምና በኢትዮጵያ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ጤና ኬላ

ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በእህል ምርታቸው የታወቁ የምዕራብ ጎጃም አካባቢዎች ናቸው። ሆኖም በ2016 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። የጎተራ መሙላት ብቻውን ለሕፃን ጤንነት ዋስትና አይሆንም። በምግብ እጥረት የታመመ ሕፃንም እህል በማግኘቱ ብቻ አይድንም፤ አዋቂ ሐኪም ያስፈልገዋል። የሙያው ታሪክ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው።

በአገራችን ሙያው ተቋማዊ መልክ የያዘው በ1962 በስዊድን ትብብር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ነው። ክፍሉ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። «ፋፋ» የተባለው የሕፃናት ተጨማሪ ምግብም የዚሁ ጥረት ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ በዓለም ዙሪያ ሆስፒታል ገብተው የሚታከሙ ሕፃናት ሞት ለረዥም ጊዜ አልቀነሰም። በ1996 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የታተመ ግምገማ፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ከታከሙት ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይሞቱ እንደነበር አሳየ። አንዱ ዋና ምክንያት የተሳሳተ ሕክምና ነበር። ያለ በቂ ምክንያት ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት፣ እብጠትን ሽንት በሚያስወጣ መድኃኒት ለማጥፋት መሞከር፣ ገና ከጅምሩ ፕሮቲንና አይረን ማብዛት የተዳከመውን አካል ይጎዱ ነበር። ስለዚህ ሕክምናው በደረጃ ተከፈለ፤ መጀመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ያለው ኤፍ-75፣ ሕፃኑ ሲረጋጋ ኤፍ-100 ወይም ለመመገብ የተዘጋጀው የለውዝ ቅባት ይሰጣል።

ቀጣዩ ለውጥ የተፈተነው በአገራችን ነው። በ2000 በሐዲያ ባደዋቾ ወረዳ 170 ሕፃናት በየቤታቸው ሆነው ሲታከሙ የሞቱት 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከ2008 ጀምሮ ሕክምናው ወደ ጤና ኬላዎች ወረደ። የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የላይኛውን ክንድ ለክታ፣ የእግር እብጠትን በጣቷ ተጭና፣ የምግብ ፍላጎትን ፈትና ሕክምናውን ትጀምራለች። ሕፃኑ የማይበላ ወይም ሌላ ሕመም የተደረበበት ከሆነ ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትልካለች። ብቃቷ የሚለካው በምትሰጠው ያህል በምትልከውም ነው።

ይህ መመዘኛ ለአዋቂ ሕሙማንም ይሠራል። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ የአመጋገብ ምክር ሲሻ፣ አማካሪው በሙያው የሠለጠነና የሥራ ፈቃድ ያለው መሆኑን እንዲያረጋግጥ ልናስረዳው ይገባል። ብቁ ባለሙያ ከመምከሩ በፊት ይመዝናል፤ የላቦራቶሪ ውጤትንና የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ይጠይቃል፤ ክትትል ያደርጋል። ኢንሱሊንን አቁም የሚል፣ አንድን ምግብ ለሁሉም በሽታ የሚያዝዝ ወይም ምክሩን ከሚሸጠው ዕቃ ጋር የሚያያይዝ ግን ሊታመን አይገባም። ምግብ መድኃኒት ከሆነ፣ እንደ መድኃኒት መጠን፣ ጊዜና ኃላፊነቱን የሚወስድ ባለሙያ ይሻል።