ኳድ ባይክ በሕዝብ መንገድ ላይ

ኳድ ባይክ አሽከርካሪው እንደ ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጦ በእጀታ የሚመራው፣ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ባላቸው አራት ሰፋፊ ጎማዎች የሚጓዝና ለእርሻ፣ ለአሸዋና ለጫካ የተሠራ ተሽከርካሪ ነው። በአስፋልት ላይ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው አሠራሩ ነው፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ስለሚያያዙና በመታጠፊያ ላይ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለው ክፍል፣ ማለትም ዲፈረንሻል፣ ስለሌላቸው፣ አፈር ላይ የሚንሸራተተው ጎማ አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል፤ የክብደት ማዕከሉም ከፍ ያለ በመሆኑ ተሽከርካሪው በቀላሉ ሊገለበጥ ይችላል። የሚለጠፍለት ታርጋ ይህን ባሕርዩን አይለውጠውም።

በዩናይትድ ስቴትስ ፈቃዱ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በአሪዞና ባለቤቱ መብራቶችን፣ ስፖኪዮና ክላክስ አሟልቶ፣ መድን ገብቶና ታርጋ አውጥቶ በመንገድ ሊነዳው ይችላል፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነም የራስ ቁር እንዲያደርግ ይገደዳል። በብሪታንያ ደግሞ ተሽከርካሪው ለመንገድ ብቁ ተብሎ የጸደቀና የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ዕድሜው ከሦስት ዓመት በላይ ከሆነም በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያልፋል። የብሪታንያ ሕግ ግን የራስ ቁርን አለማስገደዱ፣ የግልበጣውን አደጋ ለሚያውቅ ሰው፣ አሳሳቢ ክፍተት ነው።