የምሥራች! ምሥር ብላ!

ወዳጆቼ፣ ስታፍ ሩም ውስጥ አንድ መምህር ዳቦ ተሸክሞ ሲገባ "ለምን?" የሚል የለም፤ "ምን ተገኘ?" ነው የሚባለው። ወይ ወልዷል፣ ወይ ልጁ ተመርቃለታለች። ከፋዩ ደስታ ያገኘው ሰው ነው፣ እኛ በላተኛ ነን። ይሄ የሐበሻ ብቻ ይመስለናል እንጂ ህንድ አገርም ያው ነው።

ህንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ልጅ የተወለደለት ወይም ዕድገት ያገኘ ሰው ጣፋጭ በካርቶን ገዝቶ ባልደረቦቹን ያዳርሳል። በሂንዲ "ሙ ሚታ ካሮ" ይላሉ፣ አፍህን አጣፍጥ እንደማለት። እኛ ደግሞ "የምሥራች!" ያለንን ሰው "ምሥር ብላ!" እንለዋለን። እነሱ በስኳር እኛ በምስር፣ ጥሩ ወሬ ግን ሁለታችንም ዘንድ ባዶ አፍ አያስቀምጥም።

ህንድን ያነሳሁት የመምህራን ነገር ስለሆነ ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ወረራ፣ በተለይ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ ያንን ጥቂት የተማረ ወጣት እያደነ ገደለው። ከ1933 በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተማሪ ከየት ይምጣ? ከውጭ ተቀጠረ። ከነሱ መካከል ህንዶቹ ብዙ ነበሩ፣ ከህንዶቹም የኬረላ ሰዎች። አባቶቻችሁን ጠይቁ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ማን እንዳስተማራቸው ይነግሯችኋል። ኬረላ ውስጥ ከሐዋርያው ቶማስ ጀምሮ ክርስቲያን ነን የሚሉ ጥንታውያን ምእመናን አሉ። ጃንሆይም በ1949 ህንድን ጎብኝተዋል፤ በጥር 1957 ደግሞ የህንዷ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኛና ከሌሎቹ እህት አብያተ ክርስቲያናት ጋር አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ ተቀምጣለች።

ከጣፋጮቻቸው ላዱ የሚባል አለ። ከምን ይሠራል? ከሽምብራ ዱቄት! እኛ ሽሮ የምናደርገውን እነሱ በቅቤና በስኳር አድቦልቡለው፣ ሄል ጣል አድርገውበት ለደስታ ያቀርቡታል። (ሄሉም እኮ የነሱ አገር ቅመም ነው፣ የኛው ኮረሪማ ዘመዱ ነው።) ግን ረቡዕና አርብ ይዘህ ብትመጣ ግማሹ ስታፍ "ቅቤ አለበት?" ብሎ ይመልስልሃል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አሰላ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ጠረጴዛ ከበው ቡና ይጠጣሉ፤ ሥጋ ሲመጣ ግን ማን ባረከው የሚል ጥያቄ ይነሳል፣ ሁለት ማዕድ ይሆናል። ዳቦና ቆሎን ማን ይጠይቃል? ጾመኛውም ሙስሊሙም እኩል ይዘግናል። ህንዶቹም ሥጋ የማይቀምስ ሂንዱ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ቢሮ ውስጥ ስላላቸው ነው መሰለኝ የቢሮ ደስታቸውን ለጣፋጭ የተውት። አስቡት እስቲ፣ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የሥራ ቦታ ደስታውን በቆሎ የሚያከብረው ድህነት ብቻ ሆኖ አይመስለኝም። ማንንም ላለማስቀረት ነው።

የኛ ደጋማው አርሲ ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው። ገብሱ ድሮም ነበር፤ ስንዴውን ያበዛው በ1960 ገደማ በስዊድን እርዳታ እዚሁ አሰላ የተቋቋመው ካዱ ነው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ያደረሰው። ቁሉምሳ ዛሬም ስንዴ ላይ ነው ሥራው።

አሁን አሁን ግን ባልደረቦቼ ደስታቸውን መደበቅ ጀምረዋል። ወልዶ ሁለት ወር ዝም ያለ መምህር አለ፤ ኋላ ላይ ከሰው ሰማን። ደሞዙ ከወር ወር አላደርስ ብሎት ለሃምሳ ሰው ድፎ ከየት ያምጣ? እኔ ለስታፉ ያቀረብኩት ሐሳብ አለ፤ ወላዱ ወሬውን ብቻ ያምጣ፣ ቆሎውን እኛ እናዋጣ። አንዳንዱ "ባህል ማፍረስ ነው" ብሎኛል። እስካሁን እየተከራከርን ነው።

በህንድ መምህር የተማራችሁ ታላላቆቼ፣ ምን ይዘው ይመጡ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።