ከፎገራ ሜዳ እስከ ጉና አቀበት፦ የሞተር፣ የቱርቦና የጥገና ታሪክ

ወረታ የመንገድ መገንጠያ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው መንገድ መሐሏን አቋርጦ ያልፋል፤ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ደግሞ በደብረ ታቦር፣ በጋይንትና በጋሸና አድርጎ ወልድያ ይደርሳል። ከተማዋ የተቀመጠችው የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት በሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ላይ፣ 1,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ታቦር ግን ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች፤ ከእርሷ ወዲያ መንገዱ በጉና ተራራ ጥግ አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ አገር የተሽከርካሪ ታሪክ ከአቀበቱ ተለይቶ ሊተረክ አይችልም።

በአቀበቱ ላይ ከባድ ጭነት በመንኮራኩር በማስወጣት ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው ሠሩላቸው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ቋጥኝ እያስፈለጡና ገደል እያስደለደሉ፣ መድፉን በሰው ጉልበት አስጎትተው በዚያው ዓመት መጋቢት ወር መቅደላ አደረሱት። የተጓዙበት ጎዳና በጋይንትና በዘቢጥ አድርጎ እስከ ቤተ ሖር የሚሄደው የደጋው ጀርባ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድም ከዚህ መስመር ብዙም አልራቀም።

ሞተር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በቀረበችው አውቶሞቢል ነው። ወደ ጣና አካባቢ ግን ሞተር በብዛት የመጣው በጦርነት ነው። በስታራቼ የተመራው የጣሊያን የጭነት መኪና ሰልፍ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ጣሊያኖችም በቆዩባቸው ዓመታት ከአስመራ በሊማሊሞ ጎንደር የሚወርደውን መንገድ ሠሩ። የመጨረሻው ጦራቸው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የሙያ ቃላቸው አብሯቸው አልሄደም። ጋራዥ ውስጥ ዛሬም ቴስታታ ይወርዳል፣ ባልቦላ ይስተካከላል፣ ፋሻ ይቀየራል፣ ኩሽኔታ ይመታል።

ከነፃነት በኋላ የመንገዱ ሥራ በ1943 ዓ.ም. ለተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተላለፈ። በ1955 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። አምቼ የተባለው ኩባንያ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ የጣሊያን ከባድ መኪና አገር ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። የዘመኑ ንጉሥ ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሉት ፊያት 682 ኤን 3 ነበር፦ ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር፣ እንደልብ የሚፈታና የሚገጠም። ቱርቦ ግን አልነበረውም።

ይህ ጉድለት ሜዳ ላይ አይታወቅም። ችግሩ የሚመጣው አየሩ ሲሳሳ ነው። በወረታ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው አምስት እጅ አራት ያህሉ ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ 70 በመቶ ገደማ ይቀራል። በራሱ ትንፋሽ የሚሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ኤንትሬ ጉና ጥግ ሲደርስ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ያዘግም ነበር። የናፍጣ ፖምፓው ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ሜዳ ላይ የለመደውን መጠን መርጨቱን ይቀጥላል፤ የተረፈው ናፍጣ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል።

መድኃኒቱ በውጭው ዓለም ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት ቱርቦ፣ ከሞተሩ በሚወጣው የጋለ ጭስ ተርባይን አሽከርክሮ፣ በዚያው ዘንግ ጫፍ ባለው ሌላ መዘውር አየር እየጨመቀ ወደ ሲሊንደር ይሰዳል። ከፍታን ድል መንሣቱ የተረጋገጠው በ1918 እ.ኤ.አ. ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር አሜሪካ ውስጥ 4,300 ሜትር በሚደርሰው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አውጥቶ ሞከረው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ጫፉ ላይ ያለ ቱርቦ 230 ሆነ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። የስዊዘርላንዱ ሳውረር በ1938 እ.ኤ.አ.፣ ቮልቮ ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. በጭነት መኪና ላይ አዋሉት። በቤንዚን አውቶሞቢል ላይ በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲጀመር ዓላማው ሌላ ነበር፤ ፍጥነት ተፈለገ። ቱርቦም ለድራግ ውድድር፣ ማለትም በቀጥታ መስመር 402 ሜትር ለሚሮጥበት ግጥሚያ ዋለ። ተወዳዳሪው መኪና ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው ለሰኮንዶች ነው፤ የሚሰበረውም ግፊት ሲበዛበት ነው። ከወረታ ጉናን የሚወጣ የጭነት መኪና ግን ለረጅም ሰዓት ስለሚጎትት የሚጎዳው ሙቀት ነው። ለቱርቦ የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

ወረታን የጭነት መኪና ከተማ ያደረጋት ሥራ የተወጠነው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ሲጎበኙ በተፈረመው የብድር ስምምነት ነው። 300 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን የወረታ–ወልድያ መንገድ የቻይና መሐንዲሶች በደርግ ዘመን ሠሩት፤ ሕዝቡም የቻይና መንገድ አለው። መጀመሪያ ጠጠር ነበር፤ አስፋልት የለበሰው ኋላ ነው። ጠጠሩ ባለ ቱርቦ መኪና በበረከተበት ጊዜ ጠላትነቱ ታየ፦ አቧራ በተቀደደ ማኒኮቶ (የአየር ጎማ ቱቦ) ወይም በሰለለ ፊልትሮ ገብቶ አየር የሚጨምቀውን መዘውር ቅጠል እንደ ሞረድ ይበላዋል። በዚያው በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት የተጀመረው ሩዝ ሜዳውን ሲሞላው ጭነቱም በዛ፤ የሩዝ መፈልፈያውና የመስኖ ፓምፑ ሞተርም ለመካኒኩ ተጨማሪ እንጀራ ሆነ። እንደ 1998 ዓ.ም. ባለ የጎርፍ ክረምት ደግሞ ሌላ ዓይነት ብልሽት ይመጣል። በአየር መሳቢያው ውሃ የጠጣ ሞተር ሳይፈተሽ ከተነሣ ቢዬላው (የፒስቶኑ ክንድ) ይጣመማል።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ቱርቦ የሌለው አዲስ ከባድ መኪና ማግኘት ብርቅ ሆነ። በመላ አገሪቱ የተንሰራፋው ሲኖትራክ ሞተሩ ከኦስትሪያው ስታየር ንድፍ የመጣ፣ 9.7 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ፣ የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣም ያለው ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚመላለሱት አዲሶቹ የቶዮታ ሚኒባሶችና ዲ ፎር ዲ ፒካፖችም ቱርቦ አላቸው። ደጋው ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ አቀበቱ የቀማውን አየር ማስመለሻ ነው።

ጥገናው ግን አዲስ አስተሳሰብ ጠየቀ። በኤንትሬ ላይ ያደገ መካኒክ ጉልበት ሲጠፋ ፖምፓውን ነበር የሚነካው። በባለ ቱርቦ ሞተር ላይ ይህ ልማድ ትልቅ ጥፋት አስከትሏል፤ ናፍጣ የሚጨምረውን ብሎን አንድ ዙር ያጠበቀ ሰው መኪናውን ለአንድ ሳምንት ያፈጥነዋል፣ ከዚያ የጭሱ ሙቀት ፒስቶኑን ያቀልጠዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከርካሹ ይጀምራል፦ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለው ማኒኮቶና ማሰሪያው ፋሼታ። ሞተሩ እየሠራ ማኒኮቶው በሳሙና ውሃ ሲታጠብ አረፋ የሚሠራበት ቦታ የተጨመቀው አየር የሚያመልጥበት ነው። ከዚህ በኋላ ግፊቱን የሚገድበው ክዳን ሳይዘጋ ቀርቶ እንደሆነ ይታያል፤ ቅጠላቸው በሚንቀሳቀስ ቱርቦዎች ላይ ደግሞ ቅጠሎቹን ጥቀርሻ እንዳልያዛቸው ይመረመራል። ናፍጣ የሚነካው ይህ ሁሉ ደህና ሲሆን ብቻ ነው።

ጭሱም ምስክር ነው። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ከቴስታታው ጓርኒሲዮን ያመለጠ ውሃ መኖሩን ይጠቁማል። ሰማያዊ ጭስ የታየበት ቱርቦ ሁሉ ግን ሞቷል ማለት አይደለም። ዘይቱ ወደ ካርተር (የሞተሩ ዘይት ማጠራቀሚያ) የሚመለስበት ቧንቧ በቅርፊት ሲጠብ ወይም የካርተሩ መተንፈሻ ሲደፈን ዘይቱ መውጫ አጥቶ በዘንጉ ጥግ ይፈሳል፤ ቧንቧውን ሳያጸዱ ቱርቦ መቀየር ገንዘብ መድፋት ነው። ዘንጉ በጣት ሲነቀነቅ ወደ ጎን ትንሽ መወዝወዙ ጤና ነው፣ የዘይት ሽፋኑ ቦታ ይፈልጋልና። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን መዘውሩ ቤቱን መቦርቦሩ አይቀርም።

ቱርቦን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የሾፌሩ ጥድፊያ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ እየዞረ የሚቀመጠው በሞተሩ ዘይት ላይ ነው። አቀበት ጨርሶ የቆመ መኪና ወዲያው ሲጠፋ ዘይቱ መፍሰሱን ያቆምና በጋለው ቤት ውስጥ ይከስላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ አስሠርቶ ማጥፋት ከዚህ ያድናል፤ ዘይትን በወቅቱ መቀየርም እንዲሁ። 

አሮጌውን መኪና ጠግኖ የመያዙ ልማድ በቅርቡ የሚቀር አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገቢያ እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ባለ ቱርቦ መኪና ዕድሜው በጋራዡ እጅ ነው።