ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእናት

ባሕር ዳር ገበያ ገብቶ ጋቢ የጠየቀ ሰው ዋጋውን ከመስማቱ በፊት አንድ ነገር ይሰማል። «ማጉ የእጅ ፈትል ነው!» ይለዋል ነጋዴው፣ የጋቢውን ጫፍ በጣቶቹ እያሻሸ። ገዢው ነገር አዋቂ ከሆነ «ድሩስ?» ይላል። «ድሩማ የፋብሪካ ነው፤ ዛሬ ማን ድር ይፈትላል ብለህ ነው!» በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የመቶ ዓመት ታሪክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አንድ ጋቢ ስንደርብ ግማሹን ከሞተር፣ ግማሹን ከእናቶች ጭን ወስደን ነው የምንሞቀው። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለ ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ይሆናል፣ ነገርን ከቃል መጀመር ይቀናኛል። አማርኛችን ፈትል ቤት ያደገ ቋንቋ ነው። ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ «ድርና ማግ ሆኑ» እንላለን። ተንኮለኛው «ነገር ይፈትላል»። ነገር የተወሳሰበበት ሰው ደግሞ «ውሉ ጠፋኝ» ይላል፤ ውል የልቃቂቱ የክር ጫፍ ነው፣ እሱ ከጠፋ ልቃቂቱ አይተረተርም። ጠበቃ የሚያስፈርመን ወረቀትም ስሙ «ውል» መሆኑን ልብ ይሏል! «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ሸረሪት ነበር የሚታያቸው፤ እኔ ግን የሸማኔው ድር ይታየኛል። በቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚወርደው ጌጥ ስሙ ሌላ ሳይሆን «ጥበብ» ነው፤ የንጉሥ ሰሎሞንን ስጦታ የምንጠራበት ያው ቃል። ቋንቋው ይህን ሁሉ ከፈትል ሲበደር ለፈታይዋ ምን እንደመለሰላት መጠየቅ ግን አልተለመደም።

ሥራው ከርቀት ሲታይ ጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። አንድ ሰሞን ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የጣና ዳር መንደር፣ አንዲት እናት የልጃቸውን ልጅ ሲያስተምሩ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር። ነገሩ በእንዝርት አይጀመርም። ከነፍሬው የመጣው ጥጥ መጀመሪያ ይዳመጣል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና ቀጭን ብረት በላዩ ይንከባለልበታል። ፍሬው እየተፈናጠረ ወዲያ ይወጣል፣ ጥጡ ወዲህ ይቀራል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ጥጡን እየነካ ሲርገበገብ የታመቀው ይላቀቃል፣ ጉድፉ ይራገፋል፤ ድምፁን ለሰማ ሰው ክራር የሚቃኝ ጀማሪ ነው የሚመስለው። ተፍታቶ ተባዝቶ እንደ ጉም ሲሳሳ ባዘቶ ይባላል። የፈትሉ ግማሽ ሥራ እዚህ ላይ አልቋል ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ባዘቶው ካልተስተካከለ ክሩ መልሶ ጉጥ ጉጥ ይላል።

ከዚያ እንዝርት። ቀጭን እንጨት፣ ክብደት እንዲሰጠው ክብ ነገር የተሰካበት፤ ይኸው ነው መሣሪያው። በቀኝ መዳፍ ጭን ላይ ሽው ተደርጎ ይለቀቃል፤ እየሾረ ሲንጠለጠል ባዘቶውን የያዘችው ግራ እጅ ወደ ላይ ትርቃለች። ልጅቷ ቸኩላ ስትስብ በጠሰችው። «አትጎትቺው፣ ሲሄድልሽ ተከተይው» አሏት። «እምዬ፣ ሊበጠስ ሲል በምን ታውቂያለሽ?» አለች። «ሲከብድሽ ነዋ! እንዝርቱ ሲጠግብ ይከብዳል። ያኔ አውርጂለት።»

አያትየዋ ያሉት መካኒክስ ነው። አንድ የጥጥ ጭረት ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሙጫ የለው፣ ቋጠሮ የለው፤ ክር የሚሆነው ጭረቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠምዝዘው ስለሚተሻሹ ብቻ ነው። ጥምዝዙ ከላላ ይተረተራል፣ ከበዛ ይኮማተራል። ፋብሪካ የክሩን ቅጥነት በቁጥር ይለካዋል፤ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር የክር ቁጥር ማለት ከአንድ ፓውንድ ጥጥ ስንት ባለ 840 ያርድ ጥቅል እንደወጣ ነው። እኚህ እናት ያርድም ፓውንድም አያውቁም፤ በሁለት ጣታቸው ግን ያንኑ ልክ ይጠብቁታል። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ማግ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቅኳቸው። «እሱ በቀን ይቆጠራል እንዴ ልጄ! ቡና ሲፈላ እፈትላለሁ፣ ጎረቤት ሲመጣ እፈትላለሁ። ለቅሶ ቤትና በዓል ካልሆነ እጄ መች ሥራ ይፈታል!» አሉኝ። የዋጋው ጣጣ የሚመነጨው ከዚሁ ይመስለኛል። ያልተቆጠረ ጊዜ አይከፈልበትም።

ጥጥ ለኛ የትናንት እንግዳ አይደለም። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ ሠራዊቱ ካጠፋው የጠላት ንብረት መሐል እህልና ጥጥ ተጠቅሰዋል። ጎጃምን በተመለከተ ደግሞ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው አለ። የጎጃም ግብር ቤተ መንግሥት ሲገባ ሦስት ሺህ በቅሎ፣ ሦስት ሺህ ፈረስና ሦስት ሺህ ወፍራም የጥጥ ልብስ እንደነበረበት ይነግረናል። ልብሱን «ባሱቶ» ይለዋል፤ መኳንንት አልጋቸው ላይ የሚያነጥፉት፣ ባንድ ገጹ ጠጉራም የሆነ ነው ይላል። የቃሉን አመጣጥ ሊቃውንት ይወስኑ፤ ለኔ ጆሮ ግን ከ«ባዘቶ» የራቀ አይደለም። በቅሎውን ያረባው ይታወቅ ይሆናል፣ ልብሱንም የሠራው ሸማኔ ነው። ለሦስት ሺህ ወፍራም ልብስ የሚበቃውን ክር የፈተሉት ሴቶች ግን አልቫሬዝም አላያቸው፣ የኛም ዜና መዋዕል አልቆጠራቸው።

በነገሩ ውስጥ አንድ የሚገርም አለ። ክሩ በሴት እጅ ሳለ ክብር ነው፤ ወደ ወንዱ ሸማኔ ሲሻገር ስድብ ይሆናል። መፍተል የባላገሯም የወይዘሮዋም ሥራ ነበር፤ ትልልቅ ሴቶች በእልፍኛቸው እንዝርት ሲያዞሩ ማንም «ዝቅ አሉ» አይላቸውም። እንዲያውም ቤተ ክርስቲያናችን ከዚህ በላይ ትሄዳለች። መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበስራት ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነበር ትላለች፤ ሠዓሊዎቻችንም እንዝርቷን ይዛ ይሥሏታል። ሸማኔው ግን፣ ጎንደር ላይ እስላሙም ቤተ እስራኤሉም፣ ያንኑ ክር ይዞ ጉድጓዱ ጫፍ ሲቀመጥ የሚናቅ ሰው ነበር። ንቀቱ የቱን ያህል እንደነበር ለማወቅ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን ማስታወስ ይበቃል። በአዋጅ የሚከለከል ነገር በየቤቱ የሚደረግ ነገር ነው።

የፈታይዋ ክብር ግን ሆድ አይሞላም ነበር። እንግሊዞች ያላገባችን ሴት «ስፒንስተር»፣ ማለትም ፈታይ፣ ብለው የጠሯት ያላገባች ሴት በፈትል ራሷን ታስተዳድር ስለነበር ነው፤ ስሙ በኋላ ቢበላሽም ውስጡ ደሞዝ አለበት። ጋንዲም እንዝርትን ትተው የመፍተያ መዘውሩን ቢያነሱ ፖለቲካ አድርገውት በ1921 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ባንዲራ መሐል እስከ መሣል ደረሱ። የኛዋ ፈታይ ስድቡም አልደረሰባት፣ ባንዲራውም አልደረሳት።

ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሳያይ አይመለስም። አስጎብኚው ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቅዱሳኑ ይተርካል። ሥዕሎቹ ያረፉት ግን ባዶ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከጭቃው ግድግዳ ጋር በተጣበቀ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ጎብኚው አንገቱን አቅንቶ ቀለሙን ያደንቃል፤ ቀለሙን የተሸከመውን ክር የሚጠይቅ የለም።

ቀለም ካነሳን አይቀር፣ የደጋው ሰው ሸማ ለምን ነጭ ሆነ? ሴቶቹ ቀለም መንከር አቅቷቸው እንዳይመስላችሁ። የመሶቡንና የሰፌዱን አለላ ያየ ሰው ይህን አይልም፤ የቀለም እውቀታቸው ከጥጥ ይልቅ ወደ ስንደዶው ሄደ እንጂ። ከጥጥ የሚቀለመው የመነኮሳቱ ወይባ ነበር። የጥለቱ ቀይና ሰማያዊ ግን ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኞች እንደጻፉት ከውጭ የገባ ባለቀለም ጨርቅ እየተተረተረ፣ ክሩ ለጥበብ ይውል ነበር። ለጠርዝ ብቻ ሲባል ሙሉ ጨርቅ መበተን! የጃኖው ቀይ ጥለት የማዕረግ ምልክት የሆነው በውበቱ ብቻ ሳይሆን በዋጋውም ነው።

ከዚያ በኋላ ፈታይዋን የሚገፋ ነገር በየተራ መጣ። መጀመሪያ አቡጀዲ ነው፤ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ ገበያችንን ከመሙላቱ የተነሳ በ1903 እ.ኤ.አ. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊዋዋል አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ቀጥሎ በማሽን የተፈተለ ክር። በመጨረሻም ፋብሪካው ራሱ ደጃፏ ላይ ተተከለ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ጣሊያን በጦር ካሳነት በከፈለችው ገንዘብ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ ጨርቃ ጨርቅ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ነበር። በዓመቱ የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ጣና ዳር የነበረችው ትንሽ ከተማ ያደገችው እንግዲህ ክር እየፈተለች ነው። ዓባይም ራሱ ከፏፏቴው ጎን እንዝርት አዟሪ ሆነ ማለት ነው።

ፋብሪካውን ለመርገም አይደለም ይህን የምለው። ድሩን ወሰደ፣ መውሰዱም ልክ ነበር። ድር ሸማኔው ወጥሮ የሚደበድበው ክር ስለሆነ ጠንካራና እኩል መሆን አለበት፤ የቤት ድር መፍተል ዓይን የሚያፈስ አድካሚ ሥራ ነው። ማግ ግን ድሩ መሐል ገብቶ መተኛት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የእጅ ማግ ላላ ያለ ስለሆነ አየር ያቅፋል፣ አየሩ ሙቀት ይይዛል፤ የጋቢ ሙቀት ምሥጢሩ ይኸው ነው። ማሽኑ ያላሸነፈው በስሜት ምክንያት አይደለም፤ ለዚህ ሥራ እጅ ስለሚሻል ነው።

እና ዋጋውስ? አሁን ከተማው ውስጥ የባህል ልብስ ዲዛይነሩ ስሙን በወርቅ ክር ጠልፎ ይሸጣል። የሸማኔው ሠፈርም እንደ ማስታወቂያ ይጠራል። በሌላ በኩል በማሽን የታተመ የጥበብ አበባ ከቻይና በጥቅል እየገባ «የሐበሻ ቀሚስ» ይባላል። እውነተኛውን ከአስመሳዩ የሚለየው ማጉ ሆኖ ሳለ፣ ማጉን የሠራችው ሴት የምትከፈለው በልቃቂቱ ክብደት ነው። ቀጭን እኩል የፈተለችውም ወፍራም ያጎረበጠችውም ያው አንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። እንዲያውም ቀጭን የምትፈትለው ናት የምትጎዳው፤ ከተመሳሳይ ጥጥ የምታወጣው ክር ይረዝማል፣ ቀኑም ይረዝማል፣ ክብደቱ ግን አይጨምርም። ፋብሪካው እኮ ቀጭኑን ክር በቁጥር ለይቶ ነው የሚተምነው። የእጅ ፈትልንም በቅጥነቱ ለይቶ መግዛት ከባድ ሳይንስ አይፈልግም፤ የገበያው ሸማኔ ገና በጣቱ ሲነካው ያውቀዋል።

እኚያን እናት ልጅቷ ሙያውን ትቀጥል እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። «ትማር እንጂ! ለራሷ ጋቢ ያህል ካወቀች ይበቃል» አሉ። ልቃቂታቸውን የሚገዛቸው ነጋዴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ዋጋውን የሚናገረው እሱ ነው፤ ሚዛኑም የእሱ ነው።