የቻርተር ትምህርት ቤት መምህር የማን ሠራተኛ ነው?

እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን ነገር አማርኛችን በሁለት ይከፍለዋል። «የሕዝብ» እና «የመንግሥት» በእኛ ቋንቋ አንድ አይደሉም። ወጪው ከሕዝብ ግብር የሚሸፈን፣ በሩም ለሁሉም ልጅ ያለ ክፍያ የተከፈተ ትምህርት ቤት የሕዝብ ሊባል ይችላል። የመንግሥት ለመባል ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል፦ አዛዡን የሚሾመውና የሚሽረው ማን ነው? በአሜሪካ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ላይ ለዓመታት የዘለቀው የሥራ ሕግ ክርክር የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ከታሪኩ እንነሣ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1988 የአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አልበርት ሻንከር፣ መምህራን ከቢሮክራሲ ማነቆ ተላቀው አዲስ የማስተማር ዘዴ የሚሞክሩባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ ሐሳብ አቀረቡ። የመጀመሪያው የቻርተር ሕግ በ1991 በሚኒሶታ ወጣ፤ የመጀመሪያው ትምህርት ቤትም በ1992 በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ። ሐሳቡን ያስተዋወቀው የመምህራን ማኅበር መሪ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ በኋላ የተስፋፉት ቻርተር ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ማኅበር የሌለባቸው ሆኑ። ሻንከርም ከነቃፊዎቹ ተርታ ተሰለፉ።

ማኅበር ለማቋቋም የተነሣ መምህር ግን በየትኛው ሕግ ይዳኛል? በ1935 የወጣው ብሔራዊ የሥራ ግንኙነት ሕግ የግል ድርጅት ሠራተኞችን የመደራጀት መብት ይጠብቃል። ክፍለ ግዛቶችንና የአስተዳደር ክፍሎቻቸውን ግን ከአሠሪዎች ዝርዝር ያወጣቸዋል፤ የእነርሱ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። ድንበሩ የት ላይ እንደሚያልፍ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971፣ በቴነሲ ክፍለ ግዛት የሃውኪንስ አውራጃን የጋዝ አቅራቢ ድርጅት በሚመለከት በሰጠው ውሳኔ ሁለት መለኪያዎችን አጽንቷል። አንድ ተቋም የመንግሥት የሚባለው በቀጥታ በመንግሥት የተፈጠረ የአስተዳደር ክንድ ሲሆን፣ ወይም የሚመሩት ሰዎች ተጠያቂነታቸው ለመንግሥት ባለሥልጣናት ወይም ለመራጩ ሕዝብ ሲሆን ነው። ልብ በሉ፦ ከሁለቱ መለኪያዎች አንዱም ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

እነዚህ መለኪያዎች በቻርተር ትምህርት ቤቶች ላይ ሲውሉ ምን እንደተፈጠረ ሁለት ከተሞች ያሳዩናል። በ2010 በቺካጎ የሒሳብና የሳይንስ አካዳሚ መምህራን በክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት ማኅበር ለማቋቋም ፊርማ አሰባሰቡ። ትምህርት ቤቱ የሚተዳደረው በአመዛኙ በሕዝብ ገንዘብ ነበር። ሆኖም አስተዳደሩ «እኛ የግል አሠሪ ነን» በማለት ጉዳዩን ወደ ፌዴራሉ የሥራ ግንኙነት ቦርድ ወሰደው። ቦርዱም በ2012 ተስማማለት። በኒው ኦርሊንስ ደግሞ የኢንተርናሽናል ሃይስኩል መምህራን በዚያው በፌዴራል ቦርድ በኩል ተደራጁ። የትምህርት ቤቱ መልስ የቺካጎው ተቃራኒ ነበር፦ «እኛ የመንግሥት አካል ነን፤ ቦርዱ አያዘንም»። የአምስተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 ክርክሩን ውድቅ አደረገው፤ የትምህርት ቤቱን መሪዎች የሚሾማቸውም የሚሽራቸውም የመንግሥት ባለሥልጣን አልነበረምና። ወፎች ግብር ሲጠይቋት አይጥ፣ አይጦች ሲጠይቋት ወፍ ነኝ የምትለው የሌሊት ወፍ ተረት እዚህ ላይ ትዝ ባይል ነው የሚገርመው።

የቦርዱም መንገድ ቢሆን ቀጥ ያለ አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ከቦርዱ አባላት የአንዳንዶቹ ሹመት ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው በማለቱ የ2012ቱ ውሳኔ መሠረቱ ተናጋ። በ2016 ቦርዱ በኒውዮርክና በፔንስልቬንያ ጉዳዮች ያንኑ አቋም በአብላጫ ድምፅ መለሰ፤ በ2020ም ከዚህ ሥልጣን ራሱን እንዲያገልል የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም። በቴክሳስ ግን በ2018 አንድን ቻርተር ትምህርት ቤት የመንግሥት ክፍል ነው ብሎ ከሥልጣኑ ውጭ አደረገው፤ በዚያ የክፍለ ግዛቱ የትምህርት ኮሚሽነር የትምህርት ቤቱን አመራር የማዋቀር ሥልጣን አለውና።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ነውን? አይደለም። በኒውዮርክ የ1967ቱ የቴይለር ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ማቆም አድማ እንዳይመታ ይከለክላል፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን የግል ድርጅት ሠራተኛን የአድማ መብት ይጠብቃል። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማኅበራት አባል ካልሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች መዋጮ እንዳያስከፍሉ ሲወስን፣ ውሳኔው የግሉን ዘርፍ አልነካም። በሰሜን ካሮላይና ከ1959 ጀምሮ የመንግሥት አካላት ከማኅበር ጋር የኅብረት ስምምነት መዋዋል አይችሉም፤ በእንዲህ ያለ ክፍለ ግዛት «የግል» መባል ለመምህሩ የተዘጋውን በር ሊከፍትለት ይችላል። ስለዚህ «የመንግሥት» መባል ሁልጊዜ ለሠራተኛው ይበጃል፣ «የግል» መባልም ሁልጊዜ ይጎዳዋል ማለት አይቻልም።

ለአንዱ ሕግ የመንግሥት፣ ለሌላው የግል መሆንም ይቻላል። በ2024 የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካቶሊክ ቻርተር ትምህርት ቤት እንዳይከፈት ሲያግድ፣ ቻርተር ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ናቸው ብሎ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 አራት ለአራት እኩል በመከፈሉ ያ ውሳኔ ጸና፤ አገር አቀፍ መልስ ግን አልተገኘም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት የ1971ዱ መለኪያ ፍትሐዊ ነው፤ ከስምና ከገንዘብ አልፎ ሥልጣንን ይከተላልና። ችግሩ ያለው በጀት ሲከፋፈል «የሕዝብ ነን»፣ መምህራን ሲደራጁ «የግል ነን»፣ ያም ካላዋጣ «የመንግሥት ነን» በሚሉ አስተዳደሮች ላይ ነው። ይህ በሁለት ቢላዋ መብላት ነው። የመንግሥትን ስም የፈለገ፣ ሕዝብ በመረጣቸው ሰዎች መሾምንና መሻርን አብሮ ይቀበል። ነጻነቱን የመረጠም የግል አሠሪን ግዴታ ይሸከም። ሒሳብና ፊደል ለማስተማር የተቀጠረ መምህር አሠሪው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ዓመታት የሚፈጅ ሙግት መጠበቅ አይገባውም።