ከምናለሽ ተራ የተነሳ ማዕበል

ኤልያስ ስሜ (አዲስ አበባ፣ 1968 እ.ኤ.አ. ተወለደ)
ከ«ታይትሮፕ» ተከታታይ ሥራዎች
ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ

ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰማያዊውና አረንጓዴው የሚተራመስበት ሰሌዳ ባሕር ይመስላል። ከአውሮፕላን መስኮት የታየ ከተማ ነው የሚልም አይጠፋም። አብስትራክት ሥራ ለሁለቱም ቦታ አለው።

ጠጋ ሲሉ ውሃው ሽቦ ሆኖ ይገኛል፤ ቀጫጭኑ ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ በእንጨቱ ላይ ተመትቷል። አንዳንዱ ሰሌዳ ላይ የኪቦርድ ቁልፎች ፊደላቸውን እንደያዙ ተሰክተዋል።

ዕቃው በብዛት የሚመጣው ከመርካቶ ነው። ምናለሽ ተራ ውስጥ ያረጀ ሬዲዮ፣ ስልክና ኮምፒውተር ተፈታትቶ ይሸጣል፤ ለሌላው ቁርጥራጭ የሆነው ለኤልያስ የሥዕል ቀለም ነው።

አሜሪካዊው ጃክሰን ፖሎክም በ1947 እ.ኤ.አ. ስሙን ከባሕር ጥልቀት በወሰደው «ፉል ፋዘም ፋይቭ» ሥዕሉ ውስጥ ምስማር፣ የልብስ ቁልፍ፣ ሳንቲምና ሲጋራ ጨምሯል።  እዚያ ግን ዕቃው በተንጠባጠበ ቀለም ተሸፍኖ ሰምጧል፤ ብዙ ተመልካች ሳያየው ያልፋል።

የኤልያስ መንገድ ከዚህ ይልቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምንም አልደበቀም። ሰማያዊው የሽቦው የራሱ ልባስ ነው። የሚፈልገው ቀለም ከገበያ በበቂ እስኪሰበሰብ ድረስ አንዳንዱ ሥራ ዓመታት ይወስዳል።