የሳንት ክሯ ባለ ሞላ ካሜራ

በስዊዘርላንድ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ በሚገኘው የዡራ ተራራማ አገር ያለችው ሳንት ክሯ የተባለች አነስተኛ ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰዓት ክፍሎችና በሙዚቃ ሳጥኖች ሥራ የታወቀች ነበረች። የሙዚቃ ሳጥን የሚባለው፣ በሞላ ኃይል የሚሽከረከር ሲሊንደር በላዩ በተተከሉት ጥቃቅን እሾሆች የማበጠሪያ ቅርጽ ያለውን ብረት ጥርሶች እየነካ ዜማ የሚያሰማበት መሣሪያ ነው። በዚህ ሙያ ከተሰማሩት አንዱ፣ በ1814 የተቋቋመው የፓያር ቤተሰብ ድርጅት፣ በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ላይ የሸክላ ማጫወቻ መሥራት ጀመረ፤ በኋላም ሄርሜስ በሚል ስም የሚታወቀውን የጽሕፈት መኪና አወጣ። ይኸው ድርጅት የሠራው ቦሌክስ የተባለ የፊልም ካሜራ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ተፈትቶ፣ ታጥቦና ተመልሶ ተገጥሞ ሊሠራ የቻለበት ምክንያት ከዚህ የሙያ ውርስ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

ካሜራው የተሠራው ጠባብ ፊልም ለሚባለው ዓይነት ነበር። የሲኒማ ቤቶች ፊልም 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና ናይትሬት ከተባለ በቀላሉ ከሚቀጣጠል ንጥረ ነገር የተሠራ በመሆኑ፣ በመኖሪያ ቤት ማሳየቱ ለእሳት አደጋ የሚያጋልጥ፣ ዋጋውም ለተራ ገዥ የማይቀመስ ነበር። ስለዚህ የፈረንሳዩ ፓቴ በ1922 9.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን፣ የአሜሪካው ኮዳክም በ1923 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፊልም ሲያወጡ፣ ሁለቱም አሴቴት የተባለውን በእሳት ቶሎ የማይያያዝ ንጥረ ነገር መረጡ። በ1932 የመጣው የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም ደግሞ 16 ሚሊ ሜትሩን በካሜራው ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳልፎ በየተራ በግማሽና በግማሽ ጎኑ ላይ ካነሣ በኋላ፣ ሲታጠብ ለሁለት የሚሰነጠቅ ነበር። ለቤተሰብ መዝናኛ ታስቦ የተፈጠረው 16 ሚሊ ሜትር ከቤት ወጥቶ የዜና፣ የትምህርትና የጥናት ፊልም ዋና መሣሪያ ለመሆን ብዙ ዘመን አልፈጀበትም፤ ኃይሌ ገሪማ በ1974 ኢትዮጵያ ውስጥ ያነሣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረጸውም በዚሁ ስፋት፣ በጥቁርና ነጭ ነው።

ቦሌክስን መጀመሪያ ያፈለቀው ኪየቭ ተወልዶ ጄኔቭ የኖረው ዣክ ቦጎፖልስኪ ሲሆን፣ ፓያር በ1930 ሥራውን ከእርሱ ገዝቶ፣ መሐንዲሶቹ ንድፉን ከሥር መሠረቱ ከከለሱት በኋላ፣ በ1935 ኤች 16 የተባለውን ካሜራ ለገበያ አቀረበ።

የኤች 16 አሠራር በአንድ የተጠቀለለ የብረት ሞላ ላይ የቆመ ነው። ተጠቃሚው በጎኑ ያለውን እጀታ ሲያዞር ሞላው ይጠመዘዛል፤ ሲለቀቅ ኃይሉ በጥርሳም መዘውሮች ሰንሰለት በኩል ወደ ሦስት ክፍሎች ይደርሳል፤ እነርሱም ፊልሙን ከጥቅሉ የሚስቡት ባለ ጥርስ መዘውሮች፣ በፊልሙ ጠርዝ ቀዳዳ እየገባ አንድ አንድ ምስል ቁልቁል የሚጎትተው ጥፍር፣ እንዲሁም ፊልሙ በሚንቀሳቀስበት ቅጽበት ብርሃን እንዳይገባ የሚጋርደው ዟሪ ሰሌዳ፣ ማለትም መዝጊያው፣ ናቸው። ይሁን እንጂ ሞላ በተፈጥሮው ሲጠመዘዝ ብርቱ፣ ሲላላ ደካማ ስለሆነ፣ ያለ ተቆጣጣሪ ቢተው ፊልሙ መጀመሪያ ይፈጥናል፣ በመጨረሻም ይጎተታል። ይህን ችግር የሚፈታው ፍጥነት መጣኝ የተባለው ክፍል ሲሆን፣ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ የተያያዙ ጥቃቅን ክብደቶች ፍጥነቱ ሲጨምር ወደ ውጭ እየተለጠጡ አንድን አካል ከማቆሚያ ጋር በማፋተግ መልሰው ያዘገዩታል። የሸክላ ማጫወቻም ሸክላው በእኩል ፍጥነት እንዲዞር የሚያደርገው በዚሁ መላ ነበርና፣ የሳንት ክሯ ሠራተኞች ለካሜራው ሲያዘጋጁት ለእጃቸው እንግዳ አልነበረም።

ሙሉ በሙሉ የተጠመዘዘ ሞላ በሴኮንድ 24 ምስል ሲነሣ 28 ሴኮንድ ያህል ብቻ ይሠራል፤ 100 ጫማ ርዝመት ያለው ጥቅል 4,000 ምስሎችን ይዞ 2 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ገደማ ይቆያል። ይህ አጭርነት ጉድለት ብቻ አልነበረም። ፊልም ሠሪዋ ማያ ዴረን በ1940ዎቹ፣ በ1949 ኒው ዮርክ የገባው ሊቱዌኒያዊው ዮናስ ሜካስም ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በቦሌክስ ሲሠሩ፣ ያለ ባትሪና ያለ ረዳት በአንድ ሰው እጅ የሚያዝ መሣሪያ ስላገኙ የስቱዲዮ ፈቃድ አላስፈለጋቸውም፤ በተለይም የሜካስ የማስታወሻ ፊልሞች ቁርጥርጥ ምት ከመሣሪያው ባሕርይ ጋር ተስማምቶ የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጥገናው ሙያ የሚጀምረው ከቅባት ነው። አሮጌ ካሜራ ከሚደርስበት ብልሽት እጅግ የተለመደው ለዓመታት ሳይሠራ የቆየ ግራሶና ዘይት ደርቆ መያያዙ ሲሆን፣ ውጤቱም ካሜራው ከተመደበለት ፍጥነት ዝቅ ብሎ መሥራቱ ወይም ጨርሶ መቆሙ ነው። በዚህ ጊዜ በደረቀው ላይ አዲስ ዘይት መጨመር ቆሻሻውን ወደ ፍጥነት መጣኙና ወደ መዝጊያው ያሻግረዋልና መፍትሔ አይደለም፤ ክፍሎቹ ወጥተው በማሟሟቻ ታጥበው፣ እያንዳንዱ ቦታ የሚስማማው ቀጭን ዘይት ወይም ግራሶ በጠብታ ልክ ሊሰጠው ይገባል። ከዚያ በፊት ግን ሞላው ኃይሉን ሙሉ በሙሉ መልቀቁ መረጋገጥ አለበት፤ ተጠምዝዞ የቆየ ሞላ ክዳኑ ሲፈታ በድንገት ተስፈንጥሮ ጣት ሊቆርጥ፣ የመዘውሮችንም ጥርስ ሊሰብር ይችላልና። በ1956 በወጣውና ተመልካቹ በሌንሱ ውስጥ እንዲያይ በሚያስችለው ሪፍሌክስ ዓይነት ደግሞ፣ የብርሃኑን ከፊል ወደ ማያው የሚያዞረው የመስታወት ፕሪዝም ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በጨርቅ ተፈግፍጎ ከተጫረ ጭረቱ የሚቀረው በሚነሣው ምስል ላይ ነው።

በ1965 ኮዳክ ያወጣው ሱፐር 8 ይህን ሁሉ ልፋት ለማስቀረት የታሰበ ነበር። ፊልሙ በፕላስቲክ ካሴት ታሽጎ ስለመጣ ለመጫን እጅን ማሠልጠን አላስፈለገም፤ ሞላውንም የኤሌክትሪክ ሞተር ተካው። ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ለመቅረጽ የበቃው በዚህ መንገድ መሆኑ ሊካድ አይገባም፤ ነገር ግን ምቾቱ ዋጋ ነበረው። ርካሽ በሆኑት ካሜራዎች የፕላስቲክ መዘውር ሲሰነጠቅ ወይም የኤሌክትሪክ ዑደቱ ሲበላሽ፣ ጠጋኙ አጥቦና አስተካክሎ የሚመልሰው ነገር እምብዛም አያገኝም፤ የአንዳንዶቹ የብርሃን መለኪያ የሚሠራበት የሜርኩሪ ባትሪም ለጤናና ለአካባቢ ሲባል ከገበያ ወጥቷል። በ1970 ቦሌክስ ወደ ኦስትሪያው ኦይሚግ እጅ ተላለፈ፤ ኦይሚግ ራሱም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሰረ።

ስለዚህ ዛሬ ኤች 16ን የሚጠግን ባለሙያ መለዋወጫ የሚያገኘው በአብዛኛው ከማይሠሩ ሌሎች ካሜራዎች ነው። ብሎን፣ ዘንግና ቀላል መዘውር የሰለጠነ እጅ ያለው ሰው በቶርኖ ሊያወጣቸው ይችላል፤ የሪፍሌክሱ ፕሪዝም ግን በዚህ መንገድ አይተካም፤ የተሰነጠቀበት ካሜራም ብዙውን ጊዜ ተበትኖ ሞላው፣ ጥፍሩና መዘውሮቹ ለሌላው ይውላሉ።